አንድ ሚሊዮን ሽልንግና የካምፓላ ኮረብቶች

ካምፓላ በኮረብቶች ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት፤ ከነዚያም ኮረብቶች የታወቁት በአናታቸው ቤተ ጸሎት ተሸክመው የቆሙ ናቸው። በሩባጋ የካቶሊካውያን፣ በናሚሬምቤ የአንግሊካውያን ካቴድራል፣ በኪቡሊና በአሮጌዪቱ ካምፓላ የሙስሊሞች መስጊዶች፣ በስተ ሰሜንም በኪካያ እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተው የባሃኢ ቤተ መቅደስ፣ እያንዳንዳቸው የመንገደኛውን ዐይን ከሩቅ ይስባሉ። ይህን ሁሉ በታክሲ መስኮት የሚመለከት ሰው የፈጣሪን ሥራና የሰውን ሃይማኖት አድንቆ ያልፋል፤ በብስክሌት የሚሄደው ግን ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ለመድረስ በመካከል ያለውን ረግረግ ወርዶ እንደ ገና መውጣት ግድ ስለሚሆንበት፣ አድናቆቱ በሳንባውና በጉልበቱ ጭምር ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1,200 ሜትር ያህል፣ ማለት የአዲስ አበባን እኩሌታ የሚያክል ብቻ ስለ ሆነ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ለመጣ ሰው አየሩ ለትንፋሽ አይሰስትም። የዳገቱም ርዝመት ከእንጦጦ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ክፋቱ አጭርና ቀጥ ያለ መሆኑ፣ ካንዱም ሲገላገሉ ሌላው ከፊት ቆሞ መገኘቱ ነው።

ሐበሾች በብዛት ከሚገኙባቸው የካምፓላ ሰፈሮች አንዱ ካባላጋላ ነው። ከዚያ ተነሥቶ በካንሳንጋ በኩል ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ፣ ወደ ጋባ በሚወርደው መንገድ፣ እንጀራ የሚጋገርባቸውና ቡና የሚወቀጥባቸው ቤቶች የመንገዱን ትቢያ በጢስና በዕጣን ሽታ ያለዝቡታል። ከነዚህ ቤቶች በአንዱ የሚያስተናግድ አንድ ወጣት፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ በጎረቤት አገር በኪጋሊ በተካሄደ ጊዜ፣ ትሪውን እንደ ያዘ በቴሌቪዥኑ ፊት ደርቆ ቀረ። የወንዶቹ ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ርዝመትና በድምሩ 5,475 ሜትር ሽቅብ የነበረው ሲሆን፣ ስሎቬንያዊው ታዴይ ፖጋቻር ጓደኞቹን ሁሉ አራግፎ ብቻውን ሲገባ ያየ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ዳገትን በቀድሞው ዐይን አይመለከትም። ወጣቱ ግን የልቡን ናፍቆት ከባዕዳን ብቻ የተቀበለው አልነበረም፤ ኢትዮጵያ ወደ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በሄደችበት እ.ኤ.አ. በ1956 የሜልቦርን ውድድር ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም አሰልፋ እንደ ነበር፣ ከ60 ዓመት በኋላም በ2016 የትግራይ ተወላጁ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደ ሆነ፣ በ2024 ደግሞ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ዕለታዊ ድሎችን ተቀዳጅቶ አረንጓዴውን ማሊያ እንደ ለበሰ ጠንቅቆ ያውቃል። ስለዚህ የኮርስ ብስክሌት መግዛት አለብኝ አለ፤ ያለው ገንዘብ ግን አንድ ሚሊዮን የኡጋንዳ ሽልንግ ነበር።

አንድ ሚሊዮን የሚለው አኃዝ ለጆሮ ግርማ አለው፤ ሲመነዘር ግን ከ300 የአሜሪካ ዶላር ያነሰ ነው። በዚህ ገንዘብ አዲስና ደኅና የኮርስ ብስክሌት ማግኘት የማይታሰብ ስለ ሆነ፣ የሚቀረው መንገድ ከባሕር ማዶ ተጠቅልለው የሚመጡትን አሮጌዎች መበርበር ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ ላስረዳው የምሻው ነገር ከዚሁ የሚነሣ ነው፤ ይኸውም አውሮፓና ጃፓን ዘመኑ አለፈበት ብለው ከሚጥሉት ዕቃ ውስጥ አንዳንዱ የተጣለው ስለ ተበላሸ ሳይሆን ሌላ ፋሽን ስለ መጣ ብቻ ነው፤ ለካምፓላ ዳገትና ለካምፓላ ፉንዲ (ጠጋኝ) የሚስማማውም በአመዛኙ ያው የተናቀው ነው። ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ገዢ ይህን ከተረዳ ድህነቱ ራሱ መልካም አማካሪ ይሆነዋል።

ወጣቱ ብቻውን አልሄደም። በወጣትነታቸው በድሬዳዋ ሜዳ ብስክሌት የጋለቡ፣ አሁን ግን ጉልበታቸው የደከመ አንድ የሰፈር ሽማግሌ አስከትሎ ወጣ። በሰማዕቱ በቅዱስ ባሊኩዴምቤ ስም ተሰይሞ ሳለ ሕዝቡ ሁሉ ኦዊኖ እያለ የሚጠራውን፣ የዓለም ልባሽ ልብስ ሁሉ የሚራገፍበትን ታላቅ ገበያ አልፈው፣ ብስክሌቶች በግድግዳ ላይ ከጎማቸው ተንጠልጥለው ወደሚታዩበት አንድ ሱቅ ደረሱ። ነጋዴው ገና ከሩቅ «ሴቦ፣ ሴቦ!» (ጌታዬ፣ ጌታዬ!) እያለ ተቀበላቸውና፣ የገዢውን ዐይን አይቶ ልቡን ለመገመት ጸጋ የተሰጠው ሰው ስለ ነበር፣ አንዲት ቀይ፣ የምታብለጨልጭ፣ በጎኗ የታወቀ የጣልያን ስም የተጻፈባት ብስክሌት ወዲያው አወረደ።

«ጋሼ፣ ይህቺን ይዩልኝ፤ ካርበን ናት ይላል» አለ ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ አንተን እንለካ፤ እሷን ኋላ እንለካታለን።»

ይህ የሽማግሌው ቃል የግዢው ሁሉ መሠረት ነው። ገዢው ጫማውን አውልቆ ጀርባውን ከግድግዳ ጋር ያስጠጋል፤ አንድ ደረቅ መጽሐፍ በእግሮቹ መካከል አስገብቶ አከርካሪው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ እስከ ብሽሽቱ አጥንት ከፍ ያደርገዋል፤ ከዚያም ከወለሉ እስከ መጽሐፉ ጫፍ ያለው ርቀት ይለካል። የወጣቱ ልክ 80 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ይህን ቁጥር በ0.67 ሲያባዙት የቴላዮውን (የብስክሌቱን አጽም) ቁመት ይሰጣል፣ ማለት ከ53 እስከ 54 ሳንቲ ሜትር፤ በ0.883 ሲያባዙት ደግሞ ከፔዳሉ ክንድ እምብርት እስከ መቀመጫው ላይኛ ገጽ ሊኖር የሚገባውን ከፍታ፣ ማለት 70.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰጣል። በቅርብ ዘመን የተሠሩ ብስክሌቶች የላይኛው ቧንቧቸው ወደ ኋላ ስለሚያዘቀዝቅ፣ በእነርሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ የቧንቧው እውነተኛ ልክ አይደለምና፣ ከቁመቱ ይልቅ ርዝመቱን፣ ማለት ከመቀመጫ እስከ መሪ ያለውን መመርመር ይሻላል። መቀመጫን ከፍና ዝቅ ማድረግ በአንድ ብሎን የሚፈጸም ነገር ነው፤ የረዘመ ቴላዮ ግን አንገትና ወገብ እያሳመመ ይኖራል እንጂ አያጥርም። ቀይዋ 58 ሆና ተገኘች። ነጋዴው «መቀመጫዋን ዝቅ እናደርጋለን» ቢልም ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ ወደ ግድግዳው መልሰው ሰቀሏት።

እንዲያው ልኳ ቢስማማ እንኳ ካርበን ፋይበርን በአሮጌነቱ መግዛት ለድሃ የሚመከር አይደለም። ቀላልና ጽኑዕ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ጉዳቱ ከቀለሙ በታች ተሰውሮ ሊቀመጥ ስለሚችል በዐይን ብቻ የሚመረምረውን ሰው ያታልላል። ብረት ግን ስብራቱን አይደብቅም፤ ቢሰበርም በካትዌ ሰፈር ብየዳ ሲሠራ የሚውል ሁሉ ሊጠግነው ይችላል። አሉሚኒየም በመካከል የሚገኝ ነው፤ እንደ ካርበን የረቀቀ ባይሆንም፣ በሙቀት ያገኘው ጥንካሬ በብየዳ ጊዜ ስለሚበላሽ በዋዛ አይጠገንም። ሽማግሌው ከኪሳቸው አንዲት ትንሽ ማግኔት አውጥተው በየቧንቧው ላይ ሲያሳርፏት፣ የያዘችው ብረት፣ ያልያዘችው አሉሚኒየም ወይም ካርበን መሆኑ እየታወቀ የሱቁ ሁሉ ምስጢር በአጭር ጊዜ ተገለጠ። ቀጥለውም ከመሪው በታች፣ ታችኛው ቧንቧ ከፊተኛው ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ቀለሙ በዚያ ስፍራ ከተሸበሸበ ብስክሌቱ በአንድ ወቅት በፊቱ ከግድግዳ ወይም ከመኪና ጋር የተላተመ ነው፤ በስጦታ እንኳ የሚቀበሉት አይሆንም። የመቀመጫው ዘንግ ዝጎ ከቴላዮው ጋር ተጣብቆ እንደ ሆነም ብሎኑን ፈትቶ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል፤ የማይነቃነቅ ከሆነ የገዢው ቁመት ለቀድሞው ጋላቢ ቁመት ተገዝቶ ይኖራልና።

ስለ ጎማ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም በዚህ አገር የመጀመሪያ ገዢ ገንዘቡን የሚያጣው ከሁሉ ይበልጥ በዚህ ነው። የኡጋንዳ ገጠር ማቶኬውን (የሚቀቀለውን ሙዝ)፣ ከሰሉንና የውኃ ጀሪካኑን የሚያጓጉዝበት ያ ጥቁር፣ ከባድ፣ በሕንድ ሥርዐት የተሠራ ብስክሌት ጎማው «28» ይባላል። የኮርስ ብስክሌትም ጎማ በአንዳንድ አገር እንዲሁ «28» ይባላል። ሁለቱ ግን አይጋጠሙም። በጎማው ጎን በጥቃቅን አኃዝ የተጻፈውን ያነበበ ሰው እውነቱን ያገኘዋል፤ የመጀመሪያው ጎማ ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ክብ ስፋቱ 635 ሚሊ ሜትር ሲሆን የኮርሱ 622 ነው። በእንግሊዝ በቀድሞ ዘመን የተሠሩ ብስክሌቶች ደግሞ «27 ኢንች» የሚባል ሦስተኛ ልክ አላቸው፤ ስሙ ያነሰ ይምሰል እንጂ ልኩ 630 ነው። አንዱን ጎማ በሌላው ቸርኬ ላይ በግድ የሚያስገባ ፉንዲ ቢገኝ፣ ወይ አይገባለትም፣ ወይ ገብቶ በቁልቁለት ላይ ይወጣል። ስለዚህ 622 የሚል ጽሑፍ የሌለበትን የኮርስ ብስክሌት፣ ምንም እንኳ ውብና ርካሽ ቢሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ይተወው። በቸርኬው ላይ በሙጫ የሚጣበቀውን፣ ካላማዳሪው በውስጡ የተሰፋበትን የእሽቅድምድም ጎማም እንዲሁ፤ እሾህ ሲወጋው ስፌቱን ፈትቶ፣ ጠግኖ፣ መልሶ የሚሰፋ ጎሚስታ የት ይገኛል?

ስፋቱም ነገር አለው። የአውሮፓ ወጣቶች በ23 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚጋልቡበት ጊዜ ነበር፤ የካምፓላ መንገድ ግን አስፋልቱ በድንገት ወደ ቀይ አፈር የሚለወጥ፣ ከዝናብ በኋላም ጉድጓዱን በውኃ ሸፍኖ የሚጠብቅ ስለ ሆነ፣ 28 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የሰፋ ጎማ የሚያስገባ ፎርሴላ (የፊት ሹካ) እና ፍሬን ያለው ብስክሌት ይመረጣል።

ሽማግሌው በግድግዳው ጥግ ሌሎች የጋረዷትን አንዲት ሰማያዊ ብስክሌት አዩ። አሉሚኒየም ናት፣ ልኳ 54፣ ቀለሟ እዚህም እዚያም የተላጠ፣ ስሟም ማንንም የማያስደንቅ ነበር። ከፊት ግን አንድ ወይም ሁለት ሳይሆን ሦስት የማርሽ ክቦች ነበሯት፤ ጥርሳቸውም 50፣ 39ና 30። ሽማግሌው ይህን በቈጠሩ ጊዜ ፊታቸው በራ፤ ነጋዴው እንዳያየውም ወዲያው መልሰው አጠቈሩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው የእሽቅድምድም ብስክሌት ከፊት 52ና 42፣ ከኋላ እስከ 21 ጥርስ ነበረው፤ በቀላሉ ማርሽ እንኳ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 4.2 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ይህም በካባላጋላ ጀርባ ወደ ሙየንጋ ኮረብታ ሲወጡ ጉልበት ላልጠነከረ ጀማሪ ቅጣት ነው። በኋላ የመጣው 53ና 39ም ቢሆን ከዚህ እጅግም አይሻልም፤ ትንሹን ክብ በ34 ልለውጠው ቢሉም፣ ብሎኖቹ የተተከሉበት ክብ 130 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ከ38 ጥርስ በታች አይቀበልም። አሁን ገበያው የሚወደው 50ና 34 ነው፤ ይህ ከኋላ 28 ጥርስ ሲጨመርለት ርቀቱን ወደ 2.55 ሜትር ያወርደዋል። ያቺ ሰማያዊ ግን በ30 ጥርሷ ላይ ከኋላ 25 ቢኖራት ብቻ ወደ 2.5 ሜትር ትወርዳለች። ሦስት ክብ ያለው ማርሽ ክብደት ይጨምራል፣ ፋሽን አይደለም ተብሎ በአውሮፓ ገበያ ዋጋው ወድቋል፤ በካምፓላ ግን ደብር ለደብር የሚያደርስ እሱ ነው። ከኋላ ያላት ዘጠኝ ማርሽ ብቻ መሆኑም አያሳፍራትም፤ ማርሹ ሲበዛ ካቴናው እየቀጠነ፣ ዋጋው እየጨመረ፣ አስተካክሎ የሚያቆመው እጅም ረቂቅነት እየጠየቀ ይሄዳልና።

ፍሬኗም እንዲሁ ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዝ ነበር። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የዲስክ ፍሬንን ለመንገድ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2018 በይፋ ከፈቀደ ወዲህ ባለገንዘቦች ሁሉ ወደዚያ ስለ ፈለሱ፣ የላስቲኩ ፍሬን ያለው ብስክሌት በአሮጌ ገበያ ረክሶ ይገኛል። ዲስኩ በዝናብ ብልጫ እንዳለው አልክድም፤ ዘይት ያለበት ዲስክ ሲበላሽ ግን ልዩ ዘይትና ልዩ መርፌ ይፈልጋል፤ የላስቲኩን ፍሬን ማንኛውም የመንገድ ዳር ፉንዲ በአንድ ቁልፍ ያስተካክለዋል። የሚያስፈራው የቸርኬው መበላት ነው፤ ላስቲኩ የሚያርፍበትን ገጽ በጣት ሲዳስሱት ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ቸርኬው ዕድሜውን ጨርሷል። ሽማግሌው መንኰራኵሩን አሽከርክረው መንቀጥቀጥ እንደሌለበት፣ ራጂዎቹን ሁለት ሁለቱን እየጨበጡ የላላ እንደሌለ፣ ጎማውን ወደ ጎን እየወዘወዙም ኩሽኔታው እንዳልተበላ ካረጋገጡ በኋላ፣ ከእቅፋቸው ማስመሪያ አወጡ።

ካቴናን በማስመሪያ መለካት የሚያውቅ ገዢ ለነጋዴ አስፈሪ ነው። የብስክሌት ካቴና ከአንዱ መርፌ እስከሚቀጥለው ግማሽ ኢንች ስለ ሆነ፣ 24 የመርፌ ርቀት ቈጥሮ የሚለካ ሰው በአዲስ ካቴና ላይ 304.8 ሚሊ ሜትር ያገኛል። ከዚያ በላይ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ሲጨምር ካቴናውን መለወጥ ይገባል፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ሲጨምር ግን የኋላውን ማርሽ ጥርስ ጭምር በልቶታል ማለት ነው። የሰማያዊዋ 308 ሆነ።

«ሴቦ፣ ካቴናው አልቋል፤ የኋላው ማርሽም አብሮ አልቋል» አሉ ሽማግሌው በእንግሊዝኛ፣ ማስመሪያውን ለነጋዴው እያሳዩ።

ነጋዴው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቈጣ፣ ከዚያም የልጆቹን ቍጥር ተናገረ፤ ሽማግሌው ልጆቹን መርቀው በዋጋው ላይ ጸኑ። ብዙ ከተባባሉ በኋላ በ600 ሺህ ሽልንግ ተስማሙ። ከመክፈላቸው በፊት ግን ብስክሌቷን ገልብጠው በፔዳሉ እምብርት ሥር የተቀረጸውን ቍጥር በደረሰኙ ላይ አስጻፉ፤ ያ ቍጥር ተፍቆ የተገኘበት ብስክሌት የሰው ዕንባ ያለበት ሊሆን ስለሚችል፣ የሃይማኖት ነገር ቢቀር እንኳ የፖሊስ ነገር አለ።

ወጣቱ 400 ሺህ በመቅረቱ ደስ ብሎት ወዲያው የመነጽርና የማሊያ ስም ማንሣት ጀመረ። እኔ ግን የሽማግሌውን አካፈል አጸድቃለሁ፤ የመጀመሪያ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ካለው ገንዘብ ከሲሶ በላይ ሳይነካ ማስቀመጥ አለበት፤ ምክንያቱም የአሮጌ ብስክሌት ዋጋ ተከፍሎ የሚያልቀው በሱቁ ሳይሆን በፉንዲው ደጃፍ ነው። አዲስ ካቴናና የኋላ ማርሽ፣ የፍሬን ላስቲክና ገመድ፣ ሁለት ጎማ ከነካላማዳሪው፣ የራስ መከላከያ ቆብ፣ ከፊትና ከኋላ መብራት፣ ወፍራም ሰንሰለት ከነቁልፉ፤ እነዚህ ተሟልተው ገንዘብ ከተረፈ ያን ጊዜ ስለ ማሊያ ይታሰባል።

አንድ ነገር ደግሞ ከአገር ቤት ለመጣ ሰው የተለየ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። ኡጋንዳ እንደ እንግሊዝ በመንገድ ግራ የሚነዳባት አገር ናት፤ ከእንግሊዝና ከጃፓን የሚመጡ ብስክሌቶችም የፊት ፍሬናቸው በቀኝ እጅ ነው፤ ከሌላው አውሮፓ የሚመጡት በአብዛኛው በግራ። በቀኝ መስመር መሄድ የለመደ፣ የቱ እጁ የቱን ጎማ እንደሚይዝ ያላጠና ሰው ከሙየንጋ ቁልቁል ሲወርድ በድንጋጤ የፊቱን አጥብቆ ቢጨብጥ፣ በመሪው ላይ ተሻግሮ መውደቁ የማይቀር ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ወጣቱን በመጀመሪያ ቀን በሜዳ ላይ ብቻ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያስያዙ፣ እጁ እስኪለምድ አመላለሱት።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተው የኢንቴቤ ፈጣን መንገድ ለብስክሌት የተፈቀደ ስላልሆነ፣ ወደ ኢንቴቤ የሚሄድ ሰው ከማታቱ ሚኒባሶችና ከቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌቶች ጋር በአሮጌው መንገድ መጋፋት አለበት። በመሐል ከተማ በናሚሬምቤ መንገድና በኢዲ አሚን ዘመን እ.ኤ.አ. በ1977 በተገደሉት በሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉውም ስም በተሰየመው ጎዳና ለእግረኛና ለብስክሌት ታስቦ የተሠራ ክፍል አለ፤ አሳቡ የተቀደሰ ነው፤ ሆኖም የኮርስ ብስክሌት ለማሠልጠን የሚሆን አይደለም። የሚሻለው እሑድ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን ዝናብ እየተጠነቀቁ፣ የጋባን መንገድ እስከ ሐይቁ ወርዶ መመለስ ነው፤ መመለሻው ሽቅብ በመሆኑ የሦስተኛውን ክብ ጥቅም ያስተምራል።

ወጣቱ በሁለተኛው ሳምንት ጫማን ከፔዳል ጋር የሚያጣብቀውን መሣሪያ ልግዛ ብሎ ሽማግሌውን ጠየቀ። እሳቸውም፣ ጉልበት እንደሚቈጥብ ሳይክዱ፣ ለጊዜው በሰፊ ፔዳልና ባለው ሸራ ጫማ እንዲቀጥል፣ በዚያ ገንዘብም አንድ ትርፍ ካላማዳሪ፣ ሁለት የጎማ መንቀያና ትንሽ የእጅ ፓምፕ እንዲገዛ አዘዙት፤ በመጪው ቅዳሜም ጎማ መፍታትና መግጠም በእጁ ፈጽሞ እንዲያሳያቸው ቀጠሮ ሰጡት።